አንድ ሚሊዮን አንድ አይካፈልም

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017

ለልጄ ለኡምኩልሱም መሐሙድ፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። አላህ የሰው አገር እንጀራሽን በሰላም ያስበላሽ፤ ያሠሪዎችሽን ልብ ያለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሀሊማ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። ዝናቡ በጊዜው ወጥቷል፤ ጤፉም ያምራል፤ አልሐምዱሊላህ።

ዓረብ አገር ዘመድ ያለው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከሰላምታው ቀጥሎ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እነሆ ሰላምታው አለቀ፤ አልጠየቅሁም። በስልክ ያላነጋገርኩሽም በምክንያት ነው። በስልክ የተነገረ ነገር ነገ "አላልኩም" ይባላል። ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ፈርሂያ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶውን ላኪ። ከአልታዬ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ አነበዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ልጄ ስለ ፈርሂያና ስለ አንድ ቁጥር ነው።

ክረምቱን ድንጋይ መጥረብ ስለማይቻል ቤት ዋልኩ። ታዲያ ሬዲዮው በውጭ አገር በትልልቅ ማሽን እየታገዙ አንድ የማይካፈል ረጅም ቁጥር እንዳገኙ አወራ። ማሽን ያለው ሰው ቢያገኝ ምን ይደንቃል? እኔ ያለ ማሽን የራሴን አገኛለሁ አልኩና ከሚሊዮን ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያውን ቁጥር ያዝኩ፤ አንድ ሚሊዮን አንድ። የማይካፈል ማለት እንዲህ ነው። ያን ያህል ጥርብ ድንጋይ ቢሰጥሽ በአንድ ረጅም መስመር ካልሆነ በቀር እኩል እኩል ረድፍ አድርገሽ መደርደር አትችይም። ምንጊዜም ትርፍ ይኖርሻል።

በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ማካፈል ጀመርኩ። ለሦስት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ለሰባትም ሁለት፣ ለአሥራ አንድም ሁለት፣ ለአሥራ ሦስትም ሁለት። ለአሥራ ሰባት ሲካፈል አሥር ይተርፋል። ቁጥር እንዳልዘል ሙስበሃዬን፣ የዚክር መቁጠሪያዬን፣ ያዝኩ። ዘጠና ዘጠኝ ዶቃ አላት። ለአንድ ማካፈል ትርጉም ስለሌለው የመጀመሪያዋን ዶቃ ሁለት፣ ቀጣይዋን ሦስት እያልኩ፣ አንድ ቁጥር በፈተሽኩ ቁጥር አንድ ዶቃ አሳለፍኩ። የመጨረሻዋ ዶቃ መቶ ሆነች። አለቃዪቱን፣ ማለት ጫፍ ላይ ያለችውን ረጅሟን፣ አልቆጠርኳትም፤ በዚክርም አትቆጠርም። ሁሉም ትርፍ አለው። ስለዚህ አይካፈልም።

የትምህርት ቤቱ ሰዎች "ከመቶ በላይስ?" ብለው ሳቁ። ከመቶ በላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ከመቶ በታች ያሉት ልጅ ነው። መቶ ሁለት የሁለትና የሃምሳ አንድ ልጅ ነው። መቶ አምስት የሦስትና የሠላሳ አምስት ልጅ ነው። አባቱ ሊያካፍለው ያልቻለውን ልጁ አያካፍለውም። ይህን ስነግራቸው ተነስተው ሄዱ።

አሁን ስለ ፈርሂያ። ፋሩቅ የሚባል የከላላ ልጅ፣ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያስተምር፣ አራት ሽማግሌ ላከ። መሪያቸው ታደለ ነው፤ ልጅ ሳለሽ ክትባት ሲወጋሽ የነከስሽው የጤና ረዳት። ታደለ "ልጅዎን ለልጃችን" ብሎ ሳይጨርስ "ቆይ፣ ልጁን አስመጡልኝ" አልኩት። በወጋችን ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ አስመጣሁት። በሩ ላይ እንደ ቆመ "ሚሊዮን አንድ ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?" አልኩት። ወደ ታደለ አየ፤ ፈርሂያ ወዳለችበት መጋረጃ አየ፤ ወደ እጄም አየ፤ ከሥራ መምጣቴ ስለነበር መዶሻ ይዣለሁ። ምራቁን ዋጠና "አይካፈልም፣ ጋሼ" አለ።

ዲግሪ ያለው ሰው ነው። ልጄን ፈቀድኩለት። ኒካሁ ለጥር መጨረሻ ነው፤ ከረመዳን በፊት።

ካንቺ የምፈልገው ይህ ነው። አባትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ የአጎቴ ልጅ ነበር፤ ከእርሱ ቤት የቀረሽው አንቺ ነሽ። ፈቃድሽን ስጪ። ለሙሽሮቹ ቤት እየሠራሁ ነው፤ ቁጥሩንም ከበራቸው በላይ ባለው ድንጋይ ላይ እቀርጸዋለሁ፣ እነርሱም እንደ እርሱ እንዳይከፋፈሉ። የተቀረጸ አይሰረዝምና አስቀድሞ የዘመድ ምስክር ያስፈልገኛል። እስከ መቶ ያለውን ጨርሻለሁ። ካላመንሽኝ ቀጥዪበት። ከዚያ "አይካፈልም" ብለሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ።

የአባትሽ ወንድም፣
ሙሐሲን አባተ

*

ጅዳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ሙሐሲን

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ የእትዬ ሀሊማን ጉልበት ያድንልን፣ ምላሷንም ያቆይልን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሩዝ ጥጄ ሳለሁ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ አረረ። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እመቤቲቱ ወጥ ቤት ገብታ "ምን ነካሽ?" አለችኝ። "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አልኳት። ሒሳብ ነው ብላት ታባርረኝ ነበር።

በፈርሂያ ደስ ብሎኛል። የአባቴ ቤት ፈቃዱ ነው፤ ልጅቷ ከወደደችው እኛም ወደነዋል፤ አላህ ያፋቅራቸው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ አጎቴ፣ እያየሁት ነው። ሥራ ይበዛብኛል እንጂ አልተውኩትም። እስከዚያው ግን ልጠይቅዎ። ድንጋዩን መቅረጽ ጀምረዋል እንዴ? ካልጀመሩ አበባ ቢቀርጹበት አይሻልም? እዚህ የሀብታም በር ሁሉ ላይ አበባ አለ፤ ያምራል። ወይም ቢስሚላህ። በቢስሚላህ የሚከራከር የለም። ደግሞ ያ ልጅ ምራቁን ዋጠ ያሉት፣ እንዴት ያለ አዋዋጥ ነው? እንደሚያስብ ሰው ነው ወይስ እንደሚፈራ ሰው? እንዲያው ነገሩን ለማወቅ ያህል፣ "ይካፈላል" ቢል ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?

ለፈርሂያ እንዲህ ይበሉልኝ፤ አብሽሪ፣ ስልክሽን ክፍት አድርጊ።

እጅዎን እየሳምኩ፣
ኡምኩልሱም

*

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017

ለኡምኩልሱም

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጤናሽንም አላህ ይጠብቅ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥያቄ ሞልቶበታል፤ መልስ የለበትም። እኔ የለመንኩሽ አንድ ቃል ነው፤ አንቺ ስለ አበባ ጻፍሽልኝ። ከዚህ እስከ ወረኢሉ መስጊድ አቁሜያለሁ፣ የእህል መጋዘን አቁሜያለሁ፤ ማንም አበባ አስቀርጾኝ አያውቅም።

"ይካፈላል" ቢል ኖሮ ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኝቼ በሩን እዘጋው ነበር። ተከራክሮኝ ቤቴ የሚገባ አማች አልፈልግም። ምራቁን የዋጠውም እያሰበ ነው። የሚያስብ ሰው ምራቁን ይውጣል።

ሀሊማ ደብዳቤሽን ሳነብላት "ልጅቱን ለሰው ስጥና ቁጥርህን ራስህ አግባው" አለች። አልታዬም ወረቀቱን ከማሽኑ ሲያወጣ ይስቅ ነበር። "ምን ያስቅሃል?" ስለው "ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ" አለ። ሰው ሁሉ በዚህ ሰሞን ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል።

ድንጋዩን ጀምሬዋለሁ። ከፊት ያለችውን አንድ ቀርጬ አምስቱን ዜሮ አስከትያለሁ። ዜሮ በመሮ ማውጣት ከባድ ነው፤ ክብ ነገር እጅ ይፈትናል። የቀረችው የመጨረሻዋ አንድ ናት። እርሷን ያንቺ ቃል ሲደርሰኝ እቀርጻታለሁ። ቦታዋን በከሰል አስምሬያለሁ።

ሌላ ነገር አትጻፊ።

ሙሐሲን አባተ

*

ጅዳ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017

አጎቴ ጋሽ ሙሐሲን፣ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥዎ። ለእኔም ይስጠኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፈው ስቀደው ሰነበትኩ። መሮውን ያስቀምጡ፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ይካፈላል።

ለመቶ አንድ ይካፈላል። ድርሻው ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ነው። ትርፍ የለውም። ስልኬን እንዳይወቅሱት በእጄም ሠርቼዋለሁ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ መቶ ጊዜ ሲባዛ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሺህ አንድ መቶ ነው። መቶ አንደኛውን ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ይጨምሩበት፤ ሚሊዮን አንድ ይመጣል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ መጣ።

እንዴት እንዳገኘሁት ቢሰሙ ይስቃሉ። ምናልባት አይስቁም። እርስዎ እስከ መቶ ጨርሻለሁ ስላሉኝ አመንኩዎትና እስከ መቶ ያለውን አልነካሁም። ካልኩሌተሩን ከፍቼ ከመቶ አንድ ጀመርኩ። ወላሂ፣ አጎቴ፣ አንዴ ነው የነካሁት። ተሳሳትኩ ብዬ ደገምኩት። ሩዙ ያረረው ሳነብ ሳይሆን ያን ጊዜ ነው።

"ከመቶ በላይ ያለ ሁሉ ከመቶ በታች ያሉት ልጅ ነው" ብለው ነበር። ለመቶ አንድ አባት ፈለግሁለት፤ አጣሁ።

ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ለፈርሂያ ፈርቼ ነው። አሁን የተናገርኩት ደግሞ መጨረሻዋን አንድ ቀርጸው አገር ሁሉ በበሩ ሲያልፍ እንዳይስቅብዎ ነው። እባክዎን፣ ቁጥሩ ሌላ፣ ልጅቷ ሌላ። በእርሷ ላይ እንዳያወርዱት።

አፉ ይበሉኝ።
ኡምኩልሱም

*

መካነ ሰላም፣ ጥር 2 ቀን 2017

ለኡምኩልሱም መሐሙድ

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሐሰት ነው አልኩ። ከዚያ ስልክሽ ተበላሽቷል አልኩ። ከዚያ የሲሚንቶ ወረቀት አወጣሁ።

ይካፈላል።

ሙስበሃዬን አንስቼ ከሁለት ጀምሬ እንደገና ሄድኩባት። ዘጠና ዘጠነኛዋ ዶቃ ላይ መቶ አልኩ። ቀጥሎ ጣቴ ላይ የመጣችው አለቃዪቱ ናት። መቶ አንድ እርሷ ነበረች፣ ኡምኩልሱም። በእጄ ይዣት ነበር። ዘለልኳት። ይህ የእኔ ስህተት አይደለም፤ የአቆጣጠሩ ወግ ነው።

ድንጋዩ ላይ አሁን ያለው አንድና አምስት ዜሮ ነው። መቶ ሺህ ይላል። እርሱ ደግሞ ለመንገደኛው ሁሉ ይካፈላል።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ፋሩቅ ነው። አስጠራሁት።

"ሚሊዮን አንድ ለመቶ አንድ እንደሚካፈል ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ተማሪ ሳለሁ።"

"ታዲያ ስጠይቅህ ለምን አይካፈልም አልክ?"

"መዶሻ ይዘው ነበር።"

"መዶሻው ለድንጋይ ነው!"

"ያን ጊዜ በደንብ አልተለየኝም።"

አየሽ? የሒሳብ መምህር ነው። ባያውቅ መሃይም ነው እል ነበር። አውቆ ከካደ ግን ሐሰተኛ ነው። ለአማቱ በሒሳብ የዋሸ ለሚስቱ በምን እውነት ይናገራል? ኒካሁ ቀርቷል። ለታደለ ልኬበታለሁ።

ፈርሂያ ከኔ ጋር ገበታ አትቀርብም። ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንሺ ብላት "ራስህ አንሳው" አለችኝ። ያነሳው አልታዬ ነው። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

ሙሐሲን

*

ጅዳ፣ ጥር 4 ቀን 2017

ጋሽ ሙሐሲን

ሰላምታውን አሳጠርኩት፤ ተቆጥቻለሁ። እርስዎ ከአባቴ ቤት ፈቃድ ጠይቀውኝ ሰጥቻለሁ። የሰጠሁትን ፈቃድ ሳይጠይቁኝ ማንሳት በማን ወግ ነው?

ፋሩቅ ዋሸ። እሺ። ለምን ወደ መጋረጃው እንዳየ ግን አልጠየቁትም። ፈርሂያ በስልክ ነገረችኝ፤ በቀዳዳው በኩል እጇን አጣምራ "አይካፈልም በል" እያለች ትለምነው ነበር። ስለዚህ ልጅዎም ዋሽታለች። እርሷንም ያባርሯት። ታደለ ያን ዕለት ከእርስዎ ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ በስልኩ ሞክሮ ያውቀዋል፤ ጓደኞቹም ያውቃሉ። አልታዬ ያውቃል። እኔም ወር ሙሉ ስለ አበባ ስጽፍልዎ አውቅ ነበር። እትዬ ሀሊማ ቁጥሩን ባታውቅም እርስዎን ታውቃለች፤ "የሆነ ቦታ ሳይካፈል አይቀርም፣ ዝም በሉት" ብላለች አሉ። ስለዚህ ቁጥር የዋሸዎትን ሁሉ ካባረሩ ቤትዎ ውስጥ ማን ይቀራል?

እኔ ስለደፈርኩ አይምሰልዎ። ጅዳ ስለሆንኩ ነው። መዶሻው አይደርስብኝም። እዚያ ብሆን ኖሮ "አይካፈልም፣ አጎቴ" ብዬ እልል እል ነበር። መካነ ሰላም ሙሉ ሰው እያለ አንዲት ነገር በትክክል የሚነግርዎ ፈልገው ባሕር ማዶ ድረስ ጻፉ። ይህ የፋሩቅ ጥፋት ነው?

ሐሰተኛ ነው ካሉ ይፈትኑት። እውነት መናገር በማያስፈራበት ቦታ ያቁሙትና እንደገና ይጠይቁት። ያኔም ከዋሸ እኔ ራሴ ፈቃዴን አነሳለሁ።

ኡምኩልሱም

*

መካነ ሰላም፣ ጥር 19 ቀን 2017

ለልጄ ለኡምኩልሱም

አሰላሙ አለይኩም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ማታውኑ ለመመለስ ብዕር አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰነበትኩ።

ባለፈው እሑድ እነዚያኑ አራት ሽማግሌዎች ጠራሁ። ፋሩቅንም ጠራሁ። እዚያው በሩ ላይ ቆመ። መዶሻውን ውጭ አኑሬዋለሁ፤ ወጥቶ እንዲያየውም አድርጌያለሁ።

የድርሻውን ቁጥር፣ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድን፣ ከዚያ በፊት ፈትሼው ነበር፤ በዚህ ጊዜ አለቃዪቱንም ቆጥሬ። የትኛውም አላካፈለውም። ለዘጠና ዘጠኝ እንኳ ሲካፈል አንድ ይተርፈዋል። እያወቅሁ ፋሩቅን "ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ይካፈላል ብያለሁ። አንተ ምን ትላለህ?" አልኩት።

ማን እንደቀደመው ታውቂያለሽ? ታደለ። ሳልጠይቀው "እርስዎ ካሉማ ይካፈላል" አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ። የጻፍሽልኝን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። በሕይወቴ ስንት ነገር እንዲህ ተነቅንቆልኝ ይሆን?

ፋሩቅ ምራቁን ዋጠ። በቃ፣ ሄደ አልኩ በልቤ። ከመጋረጃው ኋላ "አባዬ፣ አይካፈልም!" የሚል ድምፅ መጣ። ልትጠየቅ የተቀመጠች ልጅ፣ ሽማግሌ ፊት! ታደለ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ።

"አንቺን አልጠየቅሁም" አልኳት። "አንተን ነው የጠየቅሁ።"

ፋሩቅ ቀና አለ። "ተሳስተዋል፣ ጋሼ" አለ።

በዚህ ቤት ውስጥ ያ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ጆሮዬ ጋለ። "አስረዳ!" አልኩት።

"መቶ በመቶ አሥር ሺህ ነው" አለ። "ይህ ቁጥር ከአሥር ሺህ ያንሳል። ሁለት አካፋይ ቢኖሩት ሁለቱም መቶና ከዚያ በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዱ የግድ ከመቶ በታች ይወድቃል። ስለዚህ እስከ መቶ የፈተሸ ሰው ጨርሷል። እርስዎ ለሚሊዮን አንድ የተጠቀሙበት መንገድ ለዚህኛው ልክ ነው። ለሚሊዮን አንድ ግን እስከ ሺህ መሄድ ነበረብዎ። ከመቶ በላይ ያለ ሁሉ የታናናሾቹ ልጅ ነው ማለትዎም ትክክል አይደለም። መቶ አንድም መቶ ሦስትም የማንም ልጅ አይደሉም።"

"ፊት ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈርሂያን ፈልጌ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እፈልጋታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መቶ አንድ እየዋሸሁዎት መኖር ግን አልችልም። ሲያመኝ ከረመ።"

ሽማግሌዎቹ በሩን ይመለከቱ ጀመር፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚያሰሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ማንም ቢመጣ እንደማይደነግጥ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ። ልጁ በዚህ ጊዜ ወደ መጋረጃው አላየም፤ ቃሉንም አላነሳም። እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ግድግዳ ይቆማል አልኩ።

"ዱዓ አድርጉ" አልኳቸው።

ሀሊማ ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ታደለ ዱዓው ሳያልቅ "እኔም እኮ አይካፈልም ልል ነበር" አለኝ። "አንተ ዝም በል" አልኩት።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። ይህን የምጽፍልሽ ተሳስቼ ነበር ለማለት አይደለም። የፈተሽኩት ቁጥር ሁሉ ልክ ነው። የቀረው ያልፈተሽኩት ነው። ባልፈተሹት ነገር ደግሞ ሰው አይሳሳትም። ይህን ለፋሩቅ ነግሬው "ይሳሳታል፣ ጋሼ" አለኝ። ገና ኒካሁ ሳይታሰር!

መቶ ሺህ የሚለውን ድንጋይ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሬ ገንብቼበታለሁ። ከውጭ ባዶ ነው። ይበቃቸዋል።

ኒካሁ የፊታችን እሑድ ነው። ፈቃድሽ እንደ ጸና አድርጌ ቆጥሬዋለሁ፤ ካልሆነ ዛሬውኑ አስታውቂኝ።

ሙሐሲን አባተ

*

ጅዳ፣ ጥር 20 ቀን 2017

አጎቴ፣ ጸንቷል። አልቅሻለሁም፣ ስቄያለሁም። እመቤቲቱ ዛሬም "ምን ነካሽ?" አለችኝ። በዚህ ጊዜ ሒሳብ ነው አልኳት። "ወጡ ላይ ጨው አብዝተሻል" ብቻ አለችኝና ሄደች።

ሙሽራዪቱን ይሳሙልኝ። ሙሽራውንም፣ እጅዎ ባዶ ሲሆን።

ኡምኩልሱም

*

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017

ለልጄ ለኡምኩልሱም፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ጾሙን አላህ ይቀበልሽ፤ ዒዱም በሰላም አልፎልሽ እንደሆነ ተስፋዬ ነው። እኛ ደህና ነን። ሙሽሮቹም ደህና ናቸው።

ስለ አማቼ ስለ ፋሩቅ ልንገርሽ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይመጣል። ይቀመጣል። ይከራከረኛል። እስከ ዐስር ሶላት ድረስ አይነሳም። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቷል ስለው አልዘገየም ይላል። ከከላላ እዚህ በበቅሎ የሚፈጀውን ጊዜ ስነግረው ከዚያ ያንሳል ይላል፤ አንድም ቀን በበቅሎ ሄዶ አያውቅም። ቁጥርም ያመጣልኛል። ይፈትሹት ይለኝና ይሄዳል፤ ሳምንቱን ሙሉ እርሱን ስፈትሽ እከርማለሁ። ሀሊማ "ዓርብ ሲመጣ ከጠዋት ጀምሮ በር በር ታያለህ" ትለኛለች። ሐሰት ነው። በሩ በመንገዴ ላይ ነው።

ባለፈው ዓርብ ሻይ እየጠጣ አጥሬን አየ፣ በስተምሥራቅ ያለውን፣ አምና የገነባሁትን። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየና "ጋሼ፣ ይሄ ግንብ ጠማማ ነው" አለኝ።

ግንብ! ለእኔ! ጠመኔ እንጂ ድንጋይ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ! "የጠመመው ያንተ አንገት ነው" ብዬ አባረርኩት። ፈርሂያ እስከ መንገድ ድረስ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ቱንቢዬን አውርጄ ለካሁት።

ጠማማ ነው።

አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው። ይህን ፎቶ ያነሳውን አልታዬንም አስምዬ ነው ያስነሳሁት። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከጠዋት ጀምሬ እያፈረስኩት ነው፤ ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ አሉልኝ። ዓርብ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ይቆየዋል፤ ያን ጊዜ እስኪ ምን እንደሚለኝ አያለሁ።

የአባትሽ ወንድም፣
ሙሐሲን አባተ